ለደሴትዎ የባሕር ላይ መድረክ? ከመፈረምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ሻጩ ይዞት የሚመጣው ሥዕል ያምራል። ከዳርቻው ራቅ ብሎ አንድ ተንሳፋፊ መድረክ ቆሟል፤ አናቱ ላይ የንፋስ ተርባይን ይሽከረከራል፣ ወለሉ በሶላር ተሸፍኗል፣ ሆዱ ውስጥ የባሕርን ውኃ ወደሚጠጣ ውኃ የሚቀይር ማሽን አለ፣ ከጎኑ የዓሣ ማርቢያ መረብ ተዘርግቷል። መብራቱም፣ ውኃውም፣ ምግቡም ከአንድ ቦታ። ናፍጣ የለ፣ ጭስ የለ፤ ከደሴቲቱ ጠባብ መሬት ላይም አንድ ካሬ ሜትር አይወስድም።

ሐሳቡ ከሥዕል ያለፈ ታሪክ አለው። የአውሮፓ ኅብረት ትሮፖስና መርሜይድ ለተባሉ የዚህ ዓይነት ጥናቶች ከ2012 ጀምሮ ገንዘብ አውጥቷል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2020 ደግሞ በአየርላንዱ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ኮርክ መሪነት ሙዚካ የተባለው ፕሮጀክት ተጀመረ። ዒላማው ከኪዮስ ጎን ያለችው ትንሿ የግሪክ ደሴት ኢኑሰስ ነበረች፤ እቅዱም ንፋስን፣ ፀሐይን፣ ማዕበልን፣ የውኃ ማጣሪያን፣ የኃይል ማከማቻንና ለዓሣ እርባታ የሚሰጥ አገልግሎትን በአንድ ላይ ማቀናጀት ነበር።

እንግዲህ ወንበሩ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት እንበል፦ የአንዲት ትንሽ ደሴት ምክር ቤት አባል፣ ወይም አማካሪው፣ ወይም ገንዘቡን የሚያበድረው ባንክ ባለሙያ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መድረኩ ጥሩ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዕቃ ለምን ባሕር ላይ መቀመጥ እንዳስፈለገው ሻጩ በቁጥር ካላስረዳ ብዕርዎን አያንሡ።

የጎደለዎ ውኃ ነው ወይስ መብራት?

ሁለቱ አንድ ላይ ሲቀርቡ እኩል የሚከብዱ ይመስላል። አይደለም፤ በእጅዎ አስልተው ይዩት። 800 ነዋሪ ያላት ደሴት፣ ለአንድ ሰው በቀን 150 ሊትር ቢታሰብ፣ 120 ሜትር ኪዩብ ውኃ ያስፈልጋታል። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ የባሕሩን ውኃ ከ55 እስከ 70 ባር በሚደርስ ግፊት በሜምብሬን ውስጥ መግፋት ነው፤ ውኃው ያልፋል፣ ጨው ይቀራል። በደንብ የተሠራ ማሽን ለአንድ ሜትር ኪዩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ትንንሾቹ ከዚያም በላይ ሊበሉ ይችላሉ። 4 ብንይዝ የቀኑ ድምር 480 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ሌት ተቀን እኩል ቢሠራበት 20 ኪሎዋት ማለት ነው፤ በናፍጣ ጀነሬተር ደግሞ በቀን ወደ 150 ሊትር ነዳጅ።

20 ኪሎዋት ለአንድ ደሴት ትንሽ ነው። የግሪኩ የኤጂያን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007 ኢራክልያ በምትባለው ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ያቆሙት ተንሳፋፊ ማጣሪያ የተገጠመለት ተርባይን 30 ኪሎዋት ብቻ ነበር፤ የታሰበለት ምርትም በቀን 70 ሜትር ኪዩብ ገደማ። ከላይ ካሰላነው ጋር ያነጻጽሩት፤ ይቀራረባል።

የመብራቱ ነገር ሌላ ዓለም ነው። ፍሪጁ፣ የሆቴሉ አየር ማቀዝቀዣ፣ ክሊኒኩ፣ ወደቡ በአንድ ላይ ሲነሡ የሚፈለገው ኃይል በመቶዎች ኪሎዋት ይቆጠራል፤ የሚመረተውና የሚበላውም በየሰከንዱ እኩል መሆን አለበት። ስለዚህ አንድ መድረክ ጥሩ የውኃ ፋብሪካ ሆኖ ሳለ ደካማ የመብራት ጣቢያ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ሁለቱን ነጣጥሎ፣ ለየብቻ ዋጋ አውጥቶ ያሳይዎ። እምቢ ካለ አንዱ ሌላውን እየደጎመ ነው፤ የትኛው የትኛውን እንደሆነ የማወቅ መብት አለዎት።

የዓመት አማካይም አይቀበሉ፤ የወር በወር ቁጥር ይጠይቁ። በሜዲትራኒያን ደሴቶች ነሐሴ ላይ ቱሪስቱ ይጎርፋል፤ ጥር ላይ ግማሹ ቤት ዝግ ነው። የዓመቱ አማካይ የሚያሳየው ማንም ያልኖረበትን ወር ነው። እግረ መንገድዎን ቧንቧዎቹን ያስፈትሹ፦ ከሚመረተው ሩቡ መንገድ ላይ የሚፈስ ከሆነ ከመድረክ ሻጩ በፊት ቧንቧ ሠራተኛው ይጠራ።

(ደሴትዎ ጣና ላይ እንዳለችው ደቅ የሐይቅ ደሴት ከሆነች ደግሞ ጨው የማስወገዱ ጣጣ ጭራሽ የለም። የሚያስፈልገው ማጣራትና ጀርም መግደል ነው፤ እሱ የሚፈልገው ኃይል ከዚህ ጋር አይወዳደርም።)

የግድ ባሕር ላይ መሆን አለበት?

ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ በላክሻድዊፕ ደሴቶች መካከል ካቫራቲ የምትባል አለች። ከኮራል የተሠራች፣ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሰፋ ነች። ከሥሯ ያለው ጣፋጭ ውኃ በጨዋማው ላይ የተንጣለለ ስስ ንጣፍ ነው፤ አብዝተው ሲስቡት ጨዉ ከታች ይወጣል። ቼናይ የሚገኘው የሕንድ ብሔራዊ የውቅያኖስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ2005 እዚያ የተከለው ማጣሪያ ሜምብሬን የለውም። 28 ዲግሪ ገደማ የሚሞቀውን የባሕር ወለል ውኃ አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ ያስገባዋል፤ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥቂቱ ይተናል። እንፋሎቱን ወደ ውኃ የሚመልሰው ከ350 ሜትር ጥልቀት የሚሳበው ቀዝቃዛ ውኃ ነው። በቀን 100,000 ሊትር ይሰጣል።

ኢንስቲትዩቱ ከሁለት ዓመት በኋላ አሥር እጥፍ የሚሆን፣ በቀን 1 ሚሊዮን ሊትር የሚያመርት ማጣሪያ ተንሳፋፊ ጀልባ ላይ ጭኖ ከቼናይ ራቅ ብሎ ሞከረ። ሠራ። ይሁንና በ2011 ለሚኒኮይና ለአጋቲ ደሴቶች ተራው ሲደርስ የተሠሩት እንደ ካቫራቲው ዳርቻ ላይ ነው። ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም፦ የኮራል ደሴት ጠርዝ ገደል ስለሆነ ጥልቁና ቀዝቃዛው ውኃ ከደጃፍ አይርቅም፤ ቱቦ ብቻ ሰድዶ ማሽኑን መሬት ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ቼናይ ላይ ግን ጥልቅ ውኃ ለማግኘት ብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

ከጃፓኗ ኩሜጂማም ይማሩ። በኦኪናዋ ግዛት ያለችው ይህች ደሴት ከ600 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ባሕር ቀዝቃዛ ውኃ የምትስብ ሲሆን፣ ከ2013 ጀምሮ በወለሉና በጥልቁ ውኃ መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ 100 ኪሎዋት ማሳያ ጣቢያ አላት። 100 ኪሎዋት ለብቻው ቱቦውን አይከፍልም። ነገር ግን ያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለሽሪምፕ እርባታ፣ ለሚበላ የባሕር ዕፅና ለመዋቢያ ምርቶች ይውላል። መድረኩ ቃል የሚገባው የብዙ አገልግሎት ቅንጅት እዚያ ደረቅ መሬት ላይ ተገኝቷል፤ የጥገና ሠራተኛው በእግሩ እየሄደ በሚደርስበት ቦታ።

ታዲያ ባሕሩ መቼ ያዋጣል? መሬቱ በእውነት ሲያልቅ፣ ለምሳሌ በማልዲቭስ። በዚያ ስዊምሶል የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ ከ2014 ጀምሮ ሶላሩን ኮራሉ ማዕበል በሚከላከልለት ረጋ ያለ ውኃ ላይ አንሳፍፏል። ዳገቱ ተርባይን የማያስቆም ወይም በቅርስነት የተጠበቀ ሲሆንም ያዋጣል። ሻጮች ብዙም የማያነሡት፣ እኔ ግን ትልቁ ነው የምለው ጥቅም ደግሞ ይህ ነው፦ ተንሳፋፊ ነገር ይጎተታል። አምስት ትንንሽ ደሴቶች ተማክረው አንድ መድረክ ቢገዙና ዘንድሮ የጠማት ጋ ቢወስዱት፣ ደረቅ መሬት ላይ የተተከለ ማሽን የማይሰጠውን ያገኛሉ።

ሮቶው ከባትሪው ይቀድማል

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጣሪያው ላይ ሮቶ የሰቀለው ለምን እንደሆነ ያውቃል። የመድረክ እቅዶች ግን ገንዘቡን ባትሪ ላይ አፍስሰው ማጠራቀሚያውን በአንድ መስመር ያልፉታል።

የቅድሙን ስሌት እንቀጥል። 120 ሜትር ኪዩብ በቀን ለምታመርት ደሴት የአሥር ቀን ክምችት 1,200 ሜትር ኪዩብ ነው። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ 120 ቢደረደር፣ ወይም አንድ ደህና የኮንክሪት ጋን ቢሠራ ይይዘዋል። ያንን ውኃ ለማጣራት የሚወጣው ኤሌክትሪክ 4,800 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጋኑን በንፋሳማ ሳምንት የሞላ ሰው ያንን ያህል ኃይል አስቀምጧል ማለት ነው፤ ያውም ባትሪ ሳይገዛ። ለማነጻጸር፣ የአሜሪካን ሳሞአዋ ታኡ ደሴት በ2016 ለ600 ያህል ነዋሪዎቿ ሶላር ስትተክል የተገጠመላት ባትሪ 6,000 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ነበር። ለመብራቱ እንዲህ ያለ ባትሪ ግድ ነበር። ውኃ ግን ትናንት ተመርቶ ዛሬ ቢጠጣ ማንንም አይጎዳም፤ ባትሪው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲቀየርም ኮንክሪቱ በቦታው ይቆማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሜምብሬን ንፋስ ሲነሣ ተነሥቶ ንፋስ ሲወድቅ ለመቆም የተፈጠረ ዕቃ አይደለም። ቆሞ የዋለ ሜምብሬን በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት፤ ካልታጠበ ተሕዋስያን ይራቡበታል፣ ጨው ይጋገርበታል። ማሽኑ በቀን ስንት ጊዜ ቢነሣና ቢቆም ዋስትናው እንደሚጸና በጽሑፍ ይጠይቁ።

ካናሪ ደሴቶች ውስጥ ያለችው ኤል ሂዬሮ ስለ ክምችት የምታስተምረው ብዙ ነው። በ2014 የተመረቀው የኃይል ጣቢያዋ ጎሮና ዴል ቪየንቶ አምስት ተርባይኖች፣ በድምሩ 11.5 ሜጋዋት አሉት። ትርፉ ንፋስ ውኃ ወደ አሮጌ የእሳተ ገሞራ አፍ ይገፋል፤ ንፋስ ሲጠፋ ውኃው ከ650 ሜትር ከፍታ ተመልሶ እየወረደ ተርባይን ያዞራል። በ2019 ደሴቲቱ 24 ተከታታይ ቀናት ያለ ናፍጣ አደረች፤ ዜናው ዓለምን ዞረ። የዓመቱ ድምር ግን ግማሽ አካባቢ ነው የሆነው፤ የናፍጣ ጣቢያውም ከነሠራተኛው በቦታው አለ። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም፤ ለ11,000 ሰው ግማሹን ናፍጣ ማስቀረት ትልቅ ሥራ ነው። ለመጨረሻው ግማሽ ግን ከመጀመሪያው ይበልጥ ገንዘብ ይጠየቃል። "መቶ በመቶ" የሚል ቃል ውሉ ውስጥ ካዩ በየትኛው ወር፣ በስንት ቀን ክምችት እንደሆነ ያስጽፉ።

ጀነሬተሩንም ቶሎ አይሽጡት። ታኅሣሥ 4 ቀን 2014 በማልዲቭስ ዋና ከተማ ማሌ የውኃ ማጣሪያው እሳት ተነሣበት። ከ100,000 የሚበልጥ ሰው በባሕር ተከብቦ የሚጠጣው አጣ፤ ሕንድ ውኃ በአውሮፕላንና በመርከብ ጭና ደረሰች። በኩዌት፣ በኳታር ወይም በባህሬን የሚኖር ወገን ካለዎት እሱም የሚጠጣው በአብዛኛው የተጣራ የባሕር ውኃ ነው፤ እነዚያ አገሮች የክምችት ቀናትን እንደ ጸጥታ ጉዳይ የሚቆጥሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ማዕበሉስ?

ከመድረኩ ዕቃዎች መካከል ሶላሩ፣ ተርባይኑና ሜምብሬኑ ፈተናውን አልፈዋል። የማዕበል ኃይል ማሽን ገና ነው። ፔላሚስ የተባሉት ሦስት ረጃጅም ማሽኖች በመስከረም 2008 ፖርቱጋል፣ አጉሳዱራ ላይ በድምቀት ተመርቀው በሁለት ወር ውስጥ ወደ ወደብ ተጎተቱ፤ ኩባንያው ራሱ በ2014 ወደቀ። በአውስትራሊያ የኦሽንሊንክስ ማሽን በ2010 ፖርት ኬምብላ አጠገብ ከመልሕቁ ተበጥሶ ተሰባበረ። ሙከራው ግን አልቆመም፤ ኦሽን ኦሲስ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ በማዕበል ጉልበት ውኃ የሚያጣራ ቦያ በ2022 ግራን ካናሪያ ላይ ይፋ አድርጓል። መሞከሩ መልካም ነው። የሚሞከረው ግን በአጥኚው ገንዘብ እንጂ በደሴትዎ የውኃ በጀት መሆን የለበትም። በቀረበልዎ እቅድ ማዕበሉ ቢወጣ ቀሪው ይቆማል? ካልቆመ እቅዱ ገና ምርምር ነው፤ በምርምር ዋጋ ይታሰብ።

የተመሰከረለት ዕቃም ቢሆን ባሕር ላይ ሲወጣ ጠባዩ ይለወጣል። ከስኮትላንድ ፒተርሄድ 25 ኪሎ ሜትር ርቆ በ2017 ሥራ የጀመረው ሃይዊንድ፣ ባለ 30 ሜጋዋቱ የዓለም የመጀመሪያ ተንሳፋፊ የንፋስ ጣቢያ፣ ምርቱ እጅግ ጥሩ ነበር። በ2024 ከባድ ጥገና ሲያስፈልግ አምስቱም ተርባይኖች ባሕር ተሻግረው ኖርዌይ ድረስ ተጎተቱ። ባለቤቱ ኢኩዊኖርን የሚያህል ግዙፍ ኩባንያ ስለሆነ ጎታች መርከብም፣ ጥልቅ ወደብም አላጣም። ለእርስዎ ደሴት ቅርብ የሆነው ጎታች መርከብ የት ነው? የቀን ኪራዩስ? ክረምት ላይ ባሕሩ በወር ስንት ቀን ጀልባ ያስጠጋል? ይህን የሚነግርዎ የሻጩ መሐንዲስ ሳይሆን የወደቡ አሮጌ ካፒቴን ነው። ምሳ ይጋብዙት።

ብሮሹሩ ላይ የማይጻፉ ሁለት ነገሮች

መቶ ሊትር የባሕር ውኃ ሲገባ በአብዛኛው አርባ ገደማ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ስድሳው ይበልጥ ጨዋማ ሆኖ ወደ ባሕር ይመለሳል። በኤጂያን ባሕር 39 ግራም በሊትር የነበረው ወደ 65 ይደርሳል፤ ከባድ ስለሆነም ወደ ወለሉ ይሰምጣል። እዚያ ፖሲዶኒያ የተባለው የሜዲትራኒያን ሣር ካለ ለጨው ለውጥ ስስ ነው፤ የዓሣ ጫጩት የሚያድገውም እሱ ውስጥ ነው። መድረኩ ሞገድ ባለበት ጥልቅ ውኃ ላይ ከሆነ ጨዋማው ውኃ ቶሎ ይበተናል፤ በዚህ በኩል ባሕሩ ዳርቻውን ይበልጠዋል። የዓሣው መረብና የውኃ መሳቢያው አፍ ግን ጎረቤት አይሁኑ፦ የመኖ ትርፍራፊና ኩስ ሜምብሬን ይደፍናል። ሥዕሉ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ከተሳሉ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ሌላው ውኃው ራሱ ነው። ከሜምብሬን የወጣ ውኃ ማዕድኑ ተወስዶበታል፤ ጣዕሙ ባዶ ነው፣ የብረት ቧንቧም ይበላል። በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ካልሲየም ማግኘት አለበት፤ ክሎሪኑ እና ቦሮኑም ይለካ። ማን ይለካዋል? በየስንት ጊዜው? ቅርቡ ላቦራቶሪ የት ነው?

ባሕሩ የማን ነው?

ዓሣ አጥማጆቹን ከፊርማው በፊት ያነጋግሩ። ዓለም አቀፉ የ1982 የባሕር ሕግ ስምምነት ከክልል ባሕር ውጪ በሚቆም ተከላ ዙሪያ እስከ 500 ሜትር የጥንቃቄ ቀጣና ይፈቅዳል፤ ከዳርቻ ቢበዛ እስከ 12 የባሕር ማይል ባለው ግን የአገሪቱ ሕግ ይገዛል። አገሪቱ ያንኑ 500 ሜትር ብትወስድ 78 ሄክታር ገደማ ባሕር ይዘጋል። በካርታ ላይ ነጥብ ነው፤ ለአንድ መረብ ጣይ የአያቱ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ውሉ

መድረክ አይግዙ፤ ውኃ ይግዙ። ዋጋው ደሴት ላይ ለደረሰ፣ ጥራቱ ለተለካ ለእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ ይሁን፤ ማሽኑ ሲቆም ክፍያውም ይቁም። ለማነጻጸሪያ የእስራኤሉን ሶሬክ አይጥቀሱ፤ በ2013 ሥራ የጀመረው ያ ፋብሪካ በቀን ከ600,000 ሜትር ኪዩብ በላይ ስለሚያመርት ነው አንዱን ከአንድ ዶላር በታች የሚሸጠው። የእርስዎ ተፎካካሪ ውኃ የጫነ መርከብ ነው። በትንንሽ የኤጂያን ደሴቶች በመርከብ ለሚመጣ ውኃ በሜትር ኪዩብ ከ5 ዩሮ በላይ የተከፈለበት ጊዜ አለ። መድረኩ ከዚያ በግልጽ ካነሰ፣ ደረቅ መሬት ላይ ከተተከለ ሶላርና ማጣሪያ ጋር ደግሞ ከተቀራረበ ወሬው ቁም ነገር ነው።

ሁለት የደሴቲቱ ልጆች ከመጀመሪያው ብሎን ጀምሮ ከተከላው ጋር ይሥሩ፤ ደመወዛቸው ውሉ ውስጥ ይግባ። የፓምፕ ማኅተም፣ ማጣሪያ፣ የሜምብሬን ቅያሪ ለሁለት ዓመት የሚበቃ ሆኖ ደሴት ላይ ይቀመጥ፤ ከውጭ የሚላክ መለዋወጫ ጉምሩክ ላይ ስንት ሳምንት እንደሚተኛ አንባቢዬ ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

መድረኩ ሲያረጅ የማንሣቱንም ወጪ አሁኑኑ ይጻፉ። ያው የ1982ቱ ስምምነት የተተወ ተከላ እንዲነሣ ያዛል፤ የከሰረ ኩባንያ ግን አያነሣም። ስለዚህ የማስወገጃው ገንዘብ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋ ላይ እየተቀነሰ በዝግ ሂሳብ ይቀመጥ፤ ሂሳቡም በሻጩ ሳይሆን በደሴቲቱ ስም ይከፈት።